ይሉኝታና ፕሮፋይል



የዚህ የገርጂ ወጣቶች ማእከል አስተባባሪዎች ሲጋብዙኝ በደብዳቤው ላይ የጻፉት ርዕስ «ማኅበራዊ ሚዲያ በወጣት ሴቶቻችን ሥነ ምግባር ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ» የሚል ነበር። ግብዣውን በደስታ ተቀብዬ አንዲት ማስተካከያ ለመንኩ። «ወጣት ሴቶቻችን» የሚለው ወጥቶ «እኛ» የሚለው ይግባልኝ አልኩ። ምክንያቴንም ነገርኳቸው። የአንዲት ልጅ ፎቶ ሲወቀስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ያንኑ ፎቶ አጉልተው፣ አሳንሰው፣ ለጓደኛ ልከው ያዩት በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሲወቀሱ ግን ሰምቼ አላውቅም። አስተባባሪዎቹ ተስማሙ፤ አመሰግናለሁ።

እንግዲህ የምሽቱ ርዕሳችን በስልካችን ላይ ራሳችንን ሴት ወይም ወንድ አድርገን የምናቀርብበት መንገድ ነው። የምለው ነገር አንድ ነው፤ ስለምደጋግመው አትሰልቹ። ፎቶውን የሚሠራው የሚነሳው ሰው ብቻ አይደለም። ያያል ተብሎ የሚፈራው ሰውም ይሠራዋል። ሁላችንም ይሉኝታ አለብን። ነገር ግን የሴቷ ይሉኝታ ከወንዱ ይልቅ ብዙ ዓይን ይቆጥራል፤ ልዩነታቸውም እዚህ ላይ ነው።

ከቅርባችን እንጀምር። የኮሪደር ልማቱ ካለቀ ወዲህ ከቦሌ አየር ማረፊያ እስከ መገናኛ ያለው መንገድ ማታ ማታ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። መብራቱ በርቶ፣ ሰፊው የእግረኛ መንገድ ተጠርጎ፣ ሕዝቡ ለሽርሽር ይወጣል። ካሜራ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ልጆች «ፎቶ፣ ፎቶ፣ በሶፍት ኮፒ!» እያሉ ይዞራሉ። ክፍያው በቴሌብር፣ ፎቶው በቴሌግራም ነው። አንድ ምሽት ከነሱ ፈንጠር ብላችሁ ቁሙና የሚሰጡትን ትእዛዝ ብቻ አድምጡ። ለሴቷ፦ «አንገትሽን ዘንበል፣ ፀጉርሽን ወደ አንድ በኩል፣ አንድ ጉልበትሽን አጠፍ፣ ትንሽ ፈገግ፣ አሁን ወደ ታች እዪ።» ለወንዱ፦ «እጅህን ኪስህ ውስጥ፣ ደረትህን ቀና፣ ሩቅ እይ፣ አትሳቅ!» ጥንዶች ከሆኑ እሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ እሷ ትደገፋለች። እሱ ከእሷ አጠር ያለ እንደሆነ ደግሞ ፎቶ አንሺው ሳይነገረው ልጁን ደረጃ ላይ ያወጣዋል።

ኧርቪንግ ጎፍማን የሚባል የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 በመጽሐፍ መልክ ባሳተመው ሥራው በመቶ የሚቆጠሩ የማስታወቂያ ፎቶዎችን ሰብስቦ አንድ በአንድ አስተያይቷል። ሴቷ ዕቃውን በጣት ጫፍ ነካ ታደርገዋለች፣ ወንዱ ጨብጦ ይይዘዋል። እሷ አንገቷን ወይም ጉልበቷን ትሰብራለች፣ እሱ ከፍ ብሎ ይቆማል። የቦሌው ፎቶ አንሺ ጎፍማንን አላነበበም፤ ማንበብም አላስፈለገውም፤ የትኛው ፎቶ እንደሚወደድ ደንበኞቹ አስተምረውታል። አንድ ነገር ግን ይለያል። ጎፍማን ያያቸው ኩባንያ ከፍሎ ያቆማቸውን ሞዴሎች ነው። በእኛ መንገድ ላይ ግን የምትቆመውም የምትከፍለውም አንዲት ልጅ ናት። ማንም ሳያዝዛት የማስታወቂያውን አቋም ከኪሷ ከፍላ ትገዛዋለች።

ሌላም ነገር ልብ በሉ። ከሚነሱት ውስጥ ብዙዎቹ የቦሌ ነዋሪዎች አይደሉም። ከአያት፣ ከሰሚት፣ ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ከጎሮ ታክሲ እየቀያየሩ የመጡ ናቸው። ፎቶው ሲለጠፍ ግን «ቦሌ» የሚል አድራሻ ይጻፍበታል። አይፈረድባቸውም። የቦሌ ልጅ መባል ዱሮም የመኖሪያ አድራሻ ብቻ አልነበረም፤ አለባበስም፣ አነጋገርም፣ አካሄድም ነበር። ለወንዱ ያ ስም ጥሩ ምስክር ነው፤ ደህና ኑሮ እንዳለው ይናገርለታል። ለሴቷ ግን ያው ስም ዘመናዊነቷንም ይመሰክርላታል፣ ያሳማታልም። «በዚህ ሰዓት ቦሌ ምን ትሠራለች?» የሚል አጎት አይጠፋም። ወንድሟ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መብራት ሥር ተነስቶ ሲለጥፍ አጎት የሚያየው ጫማውን ነው።

ሁለተኛው ነጥቤ፣ ይህ ሁሉ ከስልክ ጋር አልመጣም የሚል ነው።

አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፤ ልጁ ቶኒ ደግሞ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ። መኳንንቱ በፊታቸው በማዕረግ ልብስ ቆሙ፣ ወይዛዝርቱ ካባ ደርበው ተቀመጡ። ከዚያ ስቱዲዮው ቀስ በቀስ ወደ ሕዝቡ ወረደ። የተሳለበት መጋረጃ፣ የፕላስቲክ አበባ፣ መስመር የሌለው ስልክ ጆሮ ላይ። እዚህ የተቀመጣችሁ እናቶች ስትስቁ አያለሁ፤ ታስታውሱታላችሁ ማለት ነው! እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» የተባለው መጽሐፍ ከየቤቱ አልበም የተሰበሰቡ እንዲህ ያሉ ፎቶዎችን ይዟል። አፍሮ ፀጉሩን፣ ቤልቦተሙን፣ አጭር ቀሚሱን እዚያ ታያላችሁ። ዛሬ በልጆቿ ቲክቶክ የምትበሳጭ እናት ያኔ ከጉልበቷ በላይ ለብሳ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ካሜራውን ፊት ለፊት አይታዋለች። ራስን ማሳየት ለዚህ ትውልድ ብቻ የተሰጠ ጸጋ አይደለም። ልዩነቱ ፎቶው የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። አልበሙ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። እንግዳ ሲመጣ የሚያወጣው የቤቱ ሰው ነው፤ ማን ይየው፣ ማን አይየው የሚለውንም የሚወስነው እሱ ነው። ዛሬ ያ ውሳኔ ከእጃችን ወጥቷል።

ቁጣውም ቢሆን አዲስ አይደለም። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣውን የተማሪ እንቅስቃሴ በታሪክ ታውቁታላችሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ መጋቢት 1960 ዓ.ም.፣ በስድስት ኪሎው ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጀ። ተማሪዎች ትርዒቱንና ሚኒ ስከርቱን የባዕድ ባህል ወረራ ነው ብለው ተቃወሙ። የመጡት እንግዶች ተዋከቡ፣ ሁከት ሆነ፣ ተማሪዎች ታሰሩ፣ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ። እኔ ያንን ትውልድ አከብረዋለሁ፤ ለገበሬው ያሰበ ትውልድ ነው። ነገር ግን ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ያስቀኛል። ተቃዋሚዎቹ ራሳቸው ኮትና ሱሪ ነው የለበሱት። ኮቱን ማንም የባዕድ ወረራ አላለውም። ባህል መጠበቅ ሲያስፈልግ የሚለካው የሴቷ ቀሚስ ሆነ።

ዛሬ ኮሜንት ሥር የሚጻፈው «ባህላችንን አታዋርጂ» የሚለው ቃል እንግዲህ ከቲክቶክ የተወለደ አይደለም፤ ከስድስት ኪሎ ጀምሮ ስንሸከመው የመጣነው ነው። ሐበሻ ቀሚስ ለብሳ የተነሳችው ልጅ «እንዲህ ነው እንጂ!» ትባላለች። በማግስቱ ጂንስ ለብሳ ስትነሳ ያው ሰው ይሰድባታል። ሰውዬው በሁለቱም ቀን ስለ እሷ አላሰበም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ቆየት እላለሁ። እባካችሁ ስልካችሁን አውጡ። ስብሰባ ላይ ስልክ አውጡ የሚል ተናጋሪ ስታገኙ የመጀመሪያችሁ ሳይሆን አይቀርም። ፌስቡክ ክፈቱና የጓደኞቻችሁን ዝርዝር ወረድ ወረድ በሉበት። ወንዶቹ በአብዛኛው ፊታቸው አለ፤ መነጽርም ቢሆን ከነመነጽሩ አለ። ሴቶቹስ? ጽጌረዳ። የፀሐይ መጥለቂያ። የተኛ ሕፃን። የእመቤታችን ሥዕል። የቁርኣን አንቀጽ። ከጀርባ የተነሳ ሹሩባ። ስሞቹን ደግሞ አንብቡ፦ «ቤቲ ቤቲ»፣ «ሄለን የማርያም ልጅ»፣ «ሰዓዳ የእናቷ ልጅ»፣ «ኪያ ኪያ»።

«ቤቲ ቤቲ» ለምን ሆነ? ፌስቡክ ሁለት ስም ካልሞሉለት አያስገባም። እኛ አገር ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነው። የአባት ስም ብዙ ይናገራል፤ ሃይማኖት ይገመትበታል፣ ብሔር ይገመትበታል፣ «የእገሌ ልጅ አይደለችም እንዴ?» ያሰኛል። ስለዚህ ልጅቷ የራሷን ስም ሁለት ጊዜ ትጽፍና ታልፋለች። ይህን ያየ የውጭ ሰው «ማንነቷን ደበቀች» ይል ይሆናል። እኔ ግን የደበቀችው አባቷን ነው እላለሁ። አባቷ ከሥራ ሲመለስ ጎረቤት አስቁሞ «ልጅህ እንዲህ ጻፈች» እንዳይለው ነው። በራሷ ስም ብትናገርም በቤተሰቧ ስም እንደምትጠየቅ ታውቃለች። ወንድሟ በሙሉ ስሙ፣ ከነአያቱ፣ የፈለገውን ይጽፋል፤ የሚጠየቀው ራሱ ብቻ ነው።

አበባውም ቢሆን ዓይን አፋርነት አይመስለኝም። አበባዋን የለጠፈችው ልጅ ቤቷ አልተቀመጠችም። ሥራ የሚለጠፍባቸውን የቴሌግራም ቻናሎች ትከታተላለች፣ ልብስ ትሸጣለች፣ ዜና ታነባለች፣ ክርክር ትከታተላለች። ልትገኝ ፈልጋለች፤ ልትታይ ግን አልፈለገችም። ፊቷን ብትለጥፍ ፎቶው ተነስቶ በሌላ ስም አካውንት ይከፈትበታል፣ በውስጥ መስመር «ሰላም ቆንጆ» የሚሉ መልእክቶች ይደረደራሉ፤ መልስ ሳትሰጥ ስትቀር «ቆንጆ» የነበረው በሦስተኛው ቀን ስድብ ይሆናል። ፌስቡክ ፕሮፋይል የመቆለፊያ ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መጀመሪያ በህንድ ነበር፤ በተለይ ለሴቶች ታስቦ። የእኛ ሴቶች ግን ያ ቁልፍ ሳይመጣ ገና ድሮ በአበባ ቆልፈው ነበር።

አሁን ደግሞ ፊቷን የምትለጥፈውን ልጅ እንውሰድ። ማን ያያታል? ሲኤምሲ ያለችው አክስቷ ታያለች። ዋሽንግተን ያለችው አክስቷም ታያለች፤ የሁለቱ አስተያየት አንድ አይደለም። የንስሐ አባቷ ስልክ አላቸው። አለቃዋ አለ። የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ አሉ። ትናንት የተለያት ልጅ አለ። የእጮኛዋ እናት በሰው ስልክ ያያሉ። የሠፈር ልጆች አሉ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰውም አለ። አንድ ፎቶ ለነዚህ ሁሉ እንዴት ይበቃል? ስለዚህ ለፌስቡክ የበዓል ፎቶ በነጠላ ትለጥፋለች። ኢንስታግራም ላይ አንድ የሚታወቅ፣ አንድ ለአምስት ጓደኛ ብቻ የሆነ አካውንት አላት። ቲክቶኳን ዘመድ እንዳያገኛት በሌላ ስልክ ቁጥር ከፍታዋለች። የዋትሳፕ ስታተሷን ደግሞ ከእነማን እንደደበቀች በቃሏ ታውቃለች። ይህን ሁሉ ማስተዳደር ሥራ ነው፤ ደሞዝ የሌለው ሥራ። ሰው ምን ይለኛል ማለት ለእሷ በየቀኑ የሚታደስ ስሌት ነው። «ልጆቹ ስልክ ላይ ተጥደው ይውላሉ» የምንል ወላጆች፣ ሴት ልጆቻችን እዚያ ከሚያጠፉት ጊዜ ምን ያህሉ እኛን ለማስተናገድ እንደሚውል አስበን እናውቃለን?

ቋንቋችንም የራሱን ድርሻ ያዋጣል። «ወጣሁ፣ በላሁ፣ ደከመኝ» ብዬ ስጽፍ ወንድ ልሁን ሴት ከግሱ አይታወቅም። የሚመልስልኝ ሰው ግን አንተ ወይም አንቺ ሳይለኝ አንድ ዐረፍተ ነገር አይጨርስም፤ «እርስዎ» ብሎ ካላመለጠ። ይህን የሚያውቁ ሁለት ዓይነት ሰዎች አሉ። አንደኛው በቆንጆ ልጅ ፎቶ አካውንት ከፍቶ «ካርድ አልቆብኛል» እያለ የወንዶችን ካርድ የሚሰበስበው ወንድ ነው። ግሱ አያጋልጠውም፤ «አንቺ» የሚሉት እነሱ ናቸው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ካርድ የላከ ካለ እጅ አውጣ አልልም። ሁለተኛዋ ስለ ፖለቲካ ወይም ስለ አርሰናል ለመከራከር ስሟን አሳጥራ፣ የክለብ ዓርማ ለጥፋ የምትገባው ሴት ናት። «አንተ» ይሏታል፣ ይከራከሯታል፣ ይሸነፉላታል። ሴት መሆኗ የታወቀ ዕለት ግን ክርክሩ ስለ ጎሉ መሆኑ ይቀራል፤ ስለ ባሏ ወይም ስለ ባል ማጣቷ ይሆናል።

ወንዶች እስካሁን ወንበራችሁ ተመችቷችኋል። አራተኛው ነጥቤ ለእናንተ ነው።

ወንዱም ይሉኝታ አለበት፤ ዓይኑ ግን የሚያርፈው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ኪሱ ላይ። ቦሌ የቆመ ቪ8 ተደግፎ የተነሳ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ። የመኪናው ባለቤት ማኪያቶውን ጨርሶ ሲመጣ ልጁ ፈንጠር ይላል። በፕሮፋይሉ ላይ «ሲኢኦ» ይላል፤ የምን እንደሆነ አይልም። እንስቅበታለን፤ እኔም እስቃለሁ። ነገር ግን ልጁ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ ካጣ ሁለት ዓመት ሆኖት ሊሆን ይችላል፤ ልጃገረዷም፣ የልጃገረዷ እናትም፣ የራሱም አባት «ምን አለው?» ብለው እንደሚጠይቁ ያውቃል። ስለዚህ መልሱን አስቀድሞ ለጠፈው። ፎቶ ላይ የማይስቀውም ለዚህ ነው፤ ሳቅ ቁም ነገረኛ አያስመስልም ተብሎ ተነግሮታል።

ከዚህ አጥር ሲወጣ ደግሞ የሚደርስበትን አስተውሉ። ፀጉሩን ሹሩባ ተሠርቶ ቲክቶክ ላይ የወጣ ወንድ ልጅ ሥሩ የሚጻፍለት ምንድን ነው? «አንቺ ልጅ፣ ነይ ቡና አፍዪልን!» ይሉታል። ወንድን ለማዋረድ የተመረጠው ነገር ሴት ማለት ነው። ሴትን ለማመስገን ደግሞ «ወንድ ናት!» እንላለን። በየቤቱ፣ በየምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የአፄ ቴዎድሮስን ሥዕል ግን ተመልከቱት፤ ሹሩባ የተሠራ ወንድ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በየዱሩ የተዋጉት አርበኞች ፀጉራቸው ጎፈሬ ነበር። የሹሩባውን ልጅ «የአባቶችህን ባህል ጠብቅ» የሚለው ሰው ከጀርባው የተሰቀለውን ሥዕል ዞር ብሎ አላየም። ወንድነት ምን እንደሚመስል በዘመን ዘመን ተቀያይሯል፤ ዛሬ የምንጠብቀው አጭር ፀጉርና ኮስታራ ፊት የአንድ ዘመን ፋሽን ነው።

ለሚያየው ሰው ተብሎ ፎቶ የሚሠራው አገር ውስጥ ብቻም አይደለም፤ ከአዳራሹ ብዙም ሳንርቅ አየር ማረፊያው አለ። ማታ ሲነሱ ከምንሰማቸው አውሮፕላኖች ውስጥ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ጅዳ፣ ወደ ዱባይ የሚበሩት ስንት ሴቶቻችንን ይዘው ይሄዳሉ። እነዚህ ሴቶች ወደ ቤት የሚልኩትን ፎቶ አይታችሁታል። በእረፍት ቀን፣ ንጹሕ ልብስ ተለብሶ፣ የማዳም ሶፋ ላይ ወይም የገበያ ማእከል ደረጃ ላይ። ማጀቱ አይታይም። በሌሊት የተወለወለው ወለል አይታይም። እናት ያንን ፎቶ ለጎረቤት ታሳያለች፤ «ደህና ናት፣ ተመስገን» ትላለች። ፎቶው ውሸት ነው የሚል ሰው አልቀበለውም። ለእናቷ የተላከ የሰላም ደብዳቤ ነው፤ የሰላም ደብዳቤ ደግሞ ሕመም አይጽፍም። ከዚያ የጎረቤት ልጅ ፎቶውን አይታ ፓስፖርት ታወጣለች፤ እሱ ሌላ ንግግር ይፈልጋል።

በ2012 ዓ.ም. የክረምት መግቢያ ላይ የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሠራተኞቻቸውን ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ከሻንጣቸው ጋር አስፋልት ዳር የተቀመጡበት ፎቶ በዓለም ተሰራጨ። ያንን ፎቶ እነሱ አልመረጡትም። በዚያ ወቅት አብረዋቸው ከቆሙት አንዱ «እኛ ለእኛ በስደት» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 እዚያው ሊባኖስ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት በኖረችው በባንቺ ይመር የተመሠረተ ማኅበር። እነዚህ ሴቶች ያልተከፈለ ደሞዛቸውን፣ የተያዘባቸውን ፓስፖርት በራሳቸው አንደበት መናገር ጀመሩ። ከሶፋው ፎቶና ከአስፋልቱ ፎቶ ሌላ ሦስተኛ ዓይነት ፎቶ መጣ ማለት ነው፤ ራሷ ይዛው፣ ራሷ ስሟን ጠርታ የምትናገርበት። እኔ ስለ ማኅበራዊ ሚዲያ በጎ ነገር ተናገር ብባል መጀመሪያ የማነሳው ይህንን ነው። ያም ሆኖ ኮሜንቱን ያነበበ ሰው ያውቀዋል፤ «ማን ሂጂ አለሽ?» የሚሉ አሉ።

ኮሜንቱ ላይ ደረስኩ፤ የመጨረሻው ነጥቤ ነው።

ቲክቶክ ላይቭ የገባችን ልጅ አስቡ። ሮዝ የሚባለው ስጦታ ይላክላታል፤ ሮዝ የሚያወጣው አንድ ኮይን ነው። አንበሳ የሚልክ ከመጣ ስሙ ተጠርቶ ይመሰገናል። ብዙም ሳይቆይ ስጦታው ትእዛዝ ይሆናል። «ቁሚ፣ ዙሪ፣ መብራቱን አብሪ።» ከቆመች «ባለጌ» ትባላለች፤ ካልቆመች «ጉረኛ»። ሁለቱንም የሚጽፈው አንድ ሰው ሊሆን ይችላል፤ አይቼዋለሁ። በተመሳሳይ ሰዓት ላይቭ የገባ ወንድ እግሩን ሰቅሎ ሦስት ሰዓት ያወራል። ቁም ያለው የለም።

ነገሩ ከመዝናኛ ወጥቶ ወደ አደባባይ ሲወጣ ይብሳል። በጥቅምት 2011 ዓ.ም. የካቢኔው ግማሽ ሴቶች ሲሆኑ፣ በዚያው ወር ወይዘሮ ሣህለ ወርቅ ዘውዴ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ ደስ ብሎን ነበር። ሴት ባለሥልጣን መግለጫ ስትሰጥ የተለጠፈ ቪዲዮ ሥር ግን ግቡና አንብቡ። ስለ በጀቱ ስንት ሰው ጻፈ? ስለ ፀጉሯስ? ወንዱ ሚኒስትር ይሰደባል፤ በደንብ ይሰደባል፤ ግን በሥራው ወይም በዘሩ ይሰደባል። የክራቫቱ ቀለም ከሥልጣን አያወርደውም። ይህን እያየች ያደገች የሕግ ተማሪ ነገ በአደባባይ ልናገር ስትል አበባዋን ለጥፋ ብትቀር ማንን እንወቅሳለን?

ሕግ አለን። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 በጾታ ላይ የተመሠረተ ጥላቻንም ይጨምራል። የማኅበራዊ ሚዲያ ኩባንያዎች ጥቆማ በደረሳቸው በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሱትም ይላል። ሐሰተኛ መረጃን በተመለከተ ደግሞ ከ5,000 በላይ ተከታይ ላለው ገጽ ቅጣቱን ከፍ ያደርጋል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008ም በኮምፒውተር ማስፈራራትንና ስም ማጥፋትን ወንጀል ያደርጋል። ጽሑፉ ላይ የጎደለ ብዙ ነገር አላይም። ነገር ግን ልጅቷ አቤት ለማለት መጀመሪያ ያንን ፎቶና ያንን ስድብ ለማታውቀው መርማሪ፣ ቀጥሎ ለአባቷ ማሳየት አለባት። መርማሪው «አንቺስ ለምን ለጠፍሽው?» ካላት አዋጁ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ሞተ። ኩባንያዎቹን ደግሞ ብዙም አትጠብቁ። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ለአሜሪካ ሴናተሮች ስትመሰክር፣ ከእንግሊዝኛ ውጭ ያሉ ቋንቋዎች ጥበቃ እንደሚጎድላቸው ተናግራለች፤ አገራችንንም በስም ጠርታለች። የእኛ ስድብ በፊደልም በላቲንም ይጻፋል፤ በሰምና ወርቅም ይጻፋል። ስድብ የሚያጣራው ማሽን ወርቁን ከየት ያውቀዋል?

ስለዚህ ነገሩ ተመልሶ ወደዚህ አዳራሽ ይመጣል። ወንድ ወጣቶች፣ እናንተን ነው። አብዛኞቻችሁ የወንዶች ብቻ የሆነ የቴሌግራም ግሩፕ አላችሁ። እዚያ ውስጥ አንድ ቀን የክፍላችሁ ልጅ ወይም የሠፈራችሁ ልጅ ፎቶ ስክሪንሾት ተደርጎ ይገባል። ለአምስት ጓደኛ ብቻ የተለጠፈው፣ ከአክስቷ የደበቀችው። ሥሩ ሦስት የሳቅ ምልክት ይከተላል። እስካሁን ስናወራለት ያመሸነው የሚፈራው ተመልካች ያን ጊዜ የንስሐ አባቷ አይደሉም፣ አጎቷም አይደለም፤ ግሩፑ ውስጥ ያለኸው አንተ ነህ። የላከውን ልጅ ደግሞ በስሙ ታውቀዋለህ፤ ነገ ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ታገኘዋለህ። «አጥፋው» ብለህ ለመጻፍ አዋጅም፣ ኩባንያም፣ የእኔም ዲስኩር አያስፈልግህም። ጓደኞችህ «አንቺ» ሊሉህ ይችላሉ፤ ያ መቼም የማይቀር ነው።

ወላጆች ደግሞ አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። ማታ ቤት ስትገቡ ሴት ልጃችሁ ስልኳን ገልበጥ አድርጋ ካስቀመጠች፣ ምን አይታ ነው ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት ማን ጻፈባት ብላችሁ ጠይቁ።

ማይክሮፎኑ መሀል ላይ ነው። እጅ ያወጣችሁትን አያለሁ፤ ከኋላ ነጠላ የለበሱት እናት ይጀምሩ፣ ቀጥሎ እዚያ ጋ ሹሩባ የተሠራው ወንድማችን።